አማካዩ ስለ ሕዋሱ አይመሰክርም

«የአንጎል ጋባ በማግኔት ከተለካ፣ ነጠላ ሕዋስን መለካት ቅንጦት ነው» የሚለው ጽሑፍ ሚዛን ስቷል። ጋባ የነርቭ ሕዋሳትን የሚገታ ኬሚካል ነው። ማግኔቱ (የማግኔታዊ ሬዞናንስ ስፔክትሮስኮፒ መሣሪያ) በአብዛኛው የሚለካው 27 ሚሊ ሊትር ያህል የአንጎል ክፍል ነው፤ በውስጡ ገቺና አነቃቂ ሕዋሳት በሚሊዮኖች ተደባልቀዋል። ውጤቱ አማካይ እንጂ የሕዋስ ምስክርነት አይደለም።

በ1960ዎቹ በሃርቫርድ ኤድዋርድ ክራቪትዝና ባልደረቦቹ የሎብስተርን ነርቮች ነጣጥለው ለኩ። ጋባ በገቺዎቹ ታጭቆ፣ በአነቃቂዎቹ ግን እጅግ አንሶ ተገኘ፤ አነቃቂው ኬሚካል ግሉታሜት ግን በሁለቱም ነበር። ሁሉን በአንድነት ፈጭተው ቢለኩ ኖሮ ልዩነቱ ባልታየ ነበር።

በእርግጥ ከሕያው ሰው አንጎል ሕዋስ እየነቀሉ መለካት አይቻልም፤ ማግኔቱ እዚያ ባለውለታ ነው። ጋባ ቀነሰ ሲል ግን ሕዋሳቱ ሞቱ ወይስ የእያንዳንዳቸው ይዞታ ጎደለ? አይነግረንም። ጸሐፊው ቅንጦት ያለው የማስረጃውን መሠረት ነው።