ሳሙናው ውስጥ ስንት ውሃ አለ?

አርባ ምንጭ መጥቶ ሲቀላ ላይ አሳ ሳይበላ የሚመለስ እንግዳ ጥቂት ነው። ጫሞ ቅርብ ነው፤ ጉላሹም ለብለቡም ይጣፍጣል፤ ዳጣው ያስለቅሳል። የኔ ጠብ ከመታጠቢያው ጋር ነው።

በቀደም አንድ አሳ ቤት ገባሁ። ስሙን አልጠራም፤ ብጠራው ሌሎቹ ነጻ የወጡ ይመስላቸዋል። ቧንቧው አጠገብ ክዳኑ የተበሳ ሃይላንድ ቆሟል፤ ውስጡ አረንጓዴ ነገር አለ። ጨመቅኩት፣ አሸሁት፤ አረፋ የለም። አስተናጋጁን "ወንድሜ፣ ይሄ ሳሙና ነው?" ስለው፣ እየሳቀ "ጠዋት ነበር" አለኝ።

እኔ ግን አልሳቅኩም። በ2014 ዓ.ም ማብቂያ ባሌ ላይ የተነሳው ኮሌራ ወደ ደቡብ ሲሻገር አይተናል። በእጅ የሚበላ ሕዝብ እጁን በቀለም ውሃ አለቅልቆ ማዕድ መቅረቡ ቀልድ አይደለም።

"ሳሙና ተወዷል" ይሉናል። እውነት ነው። ግን ውድ ሳሙና ያለው ማን ነው? ሳሙና ሥራው አንድ ነው፤ ቅባቱን ከነጀርሙ አላቅቆ ከውሃው ጋር ይሸኘዋል። ይህን ተራው ሳሙናም ይችላል። "ፀረ ባክቴሪያ" የሚለው ጽሑፍ አያስጎምጃችሁ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 ትራይክሎሳንን ጨምሮ 19 ንጥረ ነገሮችን ከእጅ መታጠቢያ ሳሙና ያስወጣው፣ አምራቾቹ ከተራ ሳሙና እንደሚበልጡ ማሳየት ስላልቻሉ ነው።

ርካሽ መንገድ ከተፈለገም አለ። ደረቅ ሳሙና በመረብ ቋጥሮ ቧንቧው ላይ ማንጠልጠል ነው፤ አይሰረቅም፣ አይላቁጥም። ወይም 30 ግራም ያህል የልብስ ዱቄት ሳሙና በ1 ሊትር ተኩል ውሃ በጥብጦ ማቅረብ፤ ቆዳ ቢያደርቅም ያጸዳል። ጥፋቱ ባለቀ ቁጥር ውሃ መጨመሩ ላይ ነው። የቀጠነ ላርጎ እንዳይበላሽ የተጨመረበት መከላከያም አብሮ ይቀጥናል፤ ጠርሙሱ ራሱ የጀርም ቤት ይሆናል።

ሰሃኑስ? ላርጎ ዋና ቦታው እዚያ ነው። ግን በምሳ ሰዓት ጓሮ ዞር ብላችሁ ሳፋውን እዩት። አረፋው ጠፍቶ የአሳ ዘይት ከላይ ከተንሳፈፈ ሳሙናው ሥራውን ጨርሷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚደረገው እጥበት ሳይሆን የአንዱን ሰሃን ቅባት ለሌላው ማካፈል ነው። ውሃው ይቀየር፤ ሰሃኑም በንጹህ ውሃ ይለቅለቅ።

ተቆጣጣሪዎች፣ ቧንቧ መኖሩን መዝግባችሁ ብቻ አትሂዱ፤ ታጠቡበት። ባለቤቶች፣ ከተማችን በአርባ ምንጮች ስም ብትጠራም ውሃውን ሁሉ ሳሙናው ውስጥ ጨምሩት ማለት አይደለም። እኛ ተመጋቢዎች ደግሞ አሳው ትኩስ መሆኑን አጥብቀን እንጠይቃለን፤ ስለ ሳሙናው ግን ይሉኝታ ይይዘናል። ከዛሬ ጀምሮ ከማዘዛችሁ በፊት ታጠቡ። አረፋ ካልወጣ፣ እናንተ ውጡ።