ወተት የሌለው አይሮጥም ያለው ማነው?

«ወጣት ሯጭ ከላሟ ትኩስ ወተት በየቀኑ ካልጠጣ የትም አይደርስም» የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው መካነ ሰላም ከተማ ላይ ቢያሰለጥን ረቡዕና ዓርብ ምን ሊያደርግ ነው? የዐቢይ ጾምን 55 ቀንስ? ጿሚ ልጆቹን ቤት ሊያስቀምጣቸው?

ወተት መልካም ነው፤ ግማሽ ሊትሩ 16 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፣ ካልሲየሙም የሚናቅ አይደለም። ግን 100 ግራም ደረቅ ባቄላ 26 ግራም ገደማ ይይዛል፤ ባቄላውን ደግሞ ደጋው ራሱ ያበቅለዋል። በ2011 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ጥናት የታዩት የኢትዮጵያ ምርጥ የረጅም ርቀት ሯጮች 64 በመቶ ያህል ኃይላቸውን ያገኙት ከካርቦሃይድሬት ነበር። በሶ በጥብጦ የወጣ ልጅ ባዶ ሆዱን ከወጣው ይሻላል።

ጸሐፊው ጭራሽ የረሳው አሬራን ነው። እናት ትንጣለች፣ ቅቤው ተጠቅልሎ ገበያ ይወጣል፤ ፕሮቲኑ ግን አብሮት አይሄድም፣ እንስራው ውስጥ ከአሬራው ጋር ይቀራል። ያን ለጥጃ የሚያፈስስ ቤት ለልጁ «ወተት አጣሁለት» ማለቱ ይገርመኛል። ወተት ሆዱን የሚነፋው ልጅም (ብዙ ነው እንዲህ ያለው) እርጎ አብዛኛውን ጊዜ ይስማማዋል።

«ከላሟ ትኩስ» የሚለው ምክር ግን ዝም አይባልም። ያልፈላ ወተት ብሩሴሎሲስንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ያስተላልፋል፤ እርጎውም አሬራውም ካፈሉት ወተት ይሁን።

አሰልጣኞች ሆይ፣ ስለ ወተት ከመጠየቃችሁ በፊት ልጆቹ ቁርስ በልተው መምጣታቸውን ጠይቁ።