ለሁለት ኩንታልም ሰርተፍኬት?

እ.ኤ.አ. በ2004 በኬንያ አፍላቶክሲን ያለበት በቆሎ 125 ሰው ገድሏል። መርዙ በመቀቀል አይጠፋም፤ ስለዚህ ቁጥጥሩ አይቅር። በማርች 2021 ኬንያ የኡጋንዳንና የታንዛኒያን በቆሎ አግዳ በቀናት ውስጥ ስትፈቅድ፣ አስመጪ ሁሉ ይመዝገብ፣ ጭነቱም በኪሎ ከ10 ማይክሮግራም በታች ስለመሆኑ ሰርተፍኬት ይኑረው አለች። በከባድ መኪና ለሚጭን ይህ ወጪ አይከብድም። ሁለት ኩንታል ይዛ በቡሲያ ለምትሻገረዋስ? የምርመራው ክፍያ ትርፏን ይበላዋል፤ በጓሮ መንገድ ታልፋለች፣ እህሉም ሳይመረመር ይበላል። ትናንሾቹ በማኅበር ተመዝግበው ጭነታቸውን አንድ ላይ ቢያስመረምሩ ይሻላል። አንዷ የሻገተ ካመጣች የሁሉም ይታገዳል፤ እሱም ቢሆን እርስ በርስ ያጠባብቃል። መመርመሪያው ግን ኬላው ላይ ይሁን። እስከዚያው እርጥበቱ ከ13.5 በመቶ ያለፈ በቆሎ አትግዙ።