የፎገራ ልጆች በእቅዱም ይግቡበት

የ1967ቱ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ሲያዘምት፣ ወጣቶቹ ፊደል አስቆጠሩ፣ የመሬት አዋጁንም ለገበሬው አስረዱ። ትእዛዙ ግን ከላይ የወረደ ነበር። ዛሬ በፎገራዋ ወረታ ከተማ የሚኖር ታዳጊ ለአገልግሎት ሩቅ አገር መዝመት አያስፈልገውም፤ የርብና የጉማራ ወንዞች ክረምት ሞልተው የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቃሉ፣ የእምቦጭ አረምም ከጣና ሐይቅ ዳርቻ አልተነቀለም። ተማሪውን አረም ንቀል፣ አሸዋ በጆንያ ሙላ ማለት ቀላል ነው፤ ጉልበቱ ብቻ ከተፈለገ ግን ከእንዲህ ያለው ዘመቻ ደክሞ እንጂ ተለውጦ አይመለስም። የተማሪዎች መማክርትም ሰልፍ አስከባሪ ሆኖ ከቀረ ያሳዝናል። አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ሩዝ በሚታረምበት የጥድፊያ ወቅት አንድን አባወራ «አባባ፣ ጎርፉ ሳይደርስ ቦዩን እንጥረግ» ብላ ለማሳመን ስትቆም ነገሩ ሌላ ነው። ይቆጧታል፤ ስለ ውሃው አካሄድ እሷ የማታውቀውን ይነግሯታል፤ እቅዷን አስተካክላ ጓደኞቿን ይዛ ትመለሳለች። ከዚያ በኋላ ራሷን የምታየው በፈተና ውጤቷ ብቻ አይሆንም፤ ሰፈሩ ቃሏን የሚጠብቅባት ሰው ሆናለች። ስለዚህ የወረታ ትምህርት ቤቶች መማክርቶቻቸውን ክረምቱ ሳይገባ ከቀበሌውና ከገበሬው ጋር ያስቀምጧቸው፤ የትኛው ቦይ ቀድሞ እንደሚጠረግ፣ ጎርፍ ከሚያሰጋቸው ቤቶች የየትኛዋ አሮጊት ቀድሞ እንደሚታይ ልጆቹም ይወስኑ።