የገበሬው እንቢታም መለኪያ ነው

በክፍላችንም ሆነ በክርክር ሰዓት ደጋግሜ የምሰማት አንዲት አነጋገር አለች። «ገበሬ አዲስ ዘር ሲሰጡት እንቢ የሚለው ባለማወቁ ነው» ትላለች። ይህችን የሚናገሩ ጓደኞቼ ክፉ አስበው አይደለም፤ ሲባል የሰሙትን ነው የሚደግሙት። እኔ ግን የገበሬ ልጅ ስለሆንሁ፣ ዘንድሮም ስለ ዝርያ ማሻሻል ስንማር ነገሩን አጥብቄ ስላሰብሁበት፣ በዚህ መጽሔት ላይ የተለየ አስተያየቴን ለማቅረብ ወደድሁ። አስተያየቴም ይህ ነው፤ የገበሬው እንቢታ ራሱ እንደ ሚዛን ያለ መለኪያ ነው፤ ተመራማሪውም ከምርቱ ቁጥር ጋር በአንድ መዝገብ ሊጽፈው ይገባል።

በመጀመሪያ ግን የተመራማሪውን ድካም አቃልዬ ለመናገር አልነሣም። አንዱ ዝርያ ከሌላው ይበልጣል ለማለት ሁለቱን ጎን ለጎን አንድ ጊዜ ዘርቶ ማየት አይበቃም፤ በአንድ ማሳ ውስጥ እንኳ የላይኛው ጥግ ደረቅ፣ የታችኛው ውሃ የሚያቁር ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ የሙከራው መሬት በትንንሽ መደቦች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ዝርያ በበርካታ መደብ ላይ ይደጋገማል፤ የትኛው በየት እንደሚዘራም በዕጣ ይወሰናል። ይህን ሥርዓት እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር በሮትሃምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አደላደለው። ዝናሙም ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ ሙከራው በሌላ ዓመትና በሌላ ስፍራ እንደገና ይደረጋል። አንድ ዝርያ ይህን ሁሉ ፈተና አልፎ ከገበሬ እጅ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይፈጃል።

የእኛን ጤፍ ብንመለከት ድካሙ ይብሳል። የጤፍ አበባ እጅግ ደቃቅ ናት፤ ወንዴውና ሴቴው በአንድ አበባ ውስጥ ስለሚገኙም ራሷን በራሷ ታራባለች። በዚህ ምክንያት ሁለት የጤፍ ዝርያዎችን በእጅ ማዳቀል ለብዙ ጊዜ ሳይቻል ቆይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ግን ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ታረቀ በርሄ አበባዋ በማለዳ፣ በአንድ ሰዓት ገደማ፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ እንደምትከፈት ደረሰበት። ከዚያ ወዲህ ማዳቀል ተቻለ። ሥራው በአጉሊ መነጽር የሚሠራ፣ ትዕግሥትና የማይንቀጠቀጥ እጅ የሚጠይቅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። በደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል ከወጡት የጤፍ ዝርያዎች መካከል ሁለቱን ብቻ እንውሰድ። አንደኛው ዱከም የተባለው ሲሆን ምርቱ የበዛ ነው፤ ነገር ግን ፍሬው እንደ ሌላው የነጣ አይደለም። ሁለተኛው ማኛ የተባለው ነው፤ እርሱ እጅግ ነጭ ሲሆን ምርቱ ያንሳል። የምርቱን ሚዛን ብቻ የሚያይ ሰው ገበሬው ሁሉ ወደ ዱከም ይሮጣል ብሎ ይጠብቅ ነበር። ገበሬው ግን ነጩን አልተወም። ለምን ቢሉ ነጭ ጤፍ በገበያ የተሻለ ዋጋ ያወጣል፤ ለእንጀራም ይፈለጋል። ታዲያ ይህ ድንቁርና ነው ወይስ ሒሳብ?

የደብረ ዘይት ተመራማሪዎች የሚመሰገኑት ይህን እንቢታ እንደ ድንቁርና ባለመቁጠራቸው ነው። ሁለቱን ዝርያዎች አዳቅለው፣ ከልጆቻቸውም መካከል የአንዱን ምርትና የሌላውን ንጣት የያዘውን ለብዙ ዓመት ሲመርጡ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 «ቁንጮ» የተባለውን ዝርያ አወጡ። ቁንጮ በሕፃን ራስ ላይ የሚተው የጠጉር ጉንጉን ነው፤ ከሁሉ በላይ የሆነ ማለትም ነው። ይህም ጤፍ ገበሬው ወዶ ተቀብሎት በብዙ ክፍለ ሀገር ተዘራ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ገበሬው ያው ገበሬ ነው፤ የተለወጠው ዘሩ ነው።

ጭዱንም መርሳት አይገባም። አሜሪካዊው ኖርማን ቦርላግ አጫጭር አገዳ ያላቸውን የስንዴ ዝርያዎች አውጥቶ ሚሊዮኖችን ከረኀብ ስላዳነ እ.ኤ.አ. በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበለ። አገዳው ሲያጥር ሰብሉ ማዳበሪያ ቢበዛለትም አይወድቅም፤ ኃይሉንም ከአገዳው ይልቅ ለፍሬው ያውለዋል። ጤፍም ማዳበሪያ ሲበዛበት ይጋሸባል፤ በጎኑም ተኝቶ ምርቱ ይጎዳል። ስለዚህ አጭር ጤፍ መፈለግ ትክክል ነው። ሆኖም በእኛ ቤት ጭድ ማለት ውዳቂ አይደለም። በበጋ የበሬው ቀለብ ነው፤ ከጭቃ ጋር ተቦክቶም ግድግዳችን የሚመረገው በእርሱ ነው። በሬው ከከሳ የሚመጣውን ዓመት እርሻ ማን ያርሳል? ከጭዱ ምን ያህል ቢቀንስ እንደሚበቃ የሚያውቀው ባለ በሬው ነው፤ መጠየቅም ያለበት እርሱ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ተመራማሪው በርካታ መደብ አለው፤ አንዱ ቢበላሽበት ከሌላው ይማራል። አባቴ ግን ያለው አንድ ማሳ ነው። አዲሱ ዘር ባይሆንለት የሚቀጥለውን ክረምት የሚሻገርበት ሌላ ድግግሞሽ የለውም። «ዘንድሮ ጥቂት ልዝራና ልየው» ሲል ፈርቶ ሊባል ይችላል፤ ለእኔ ግን እርሱም በአቅሙ ሙከራ እያደረገ ነው።

አንዳንዶች ግን «ሕዝባችን ብዙ ነው፤ መጀመሪያ ኩንታሉ ይብዛ፤ ምርጫው በኋላ ይደርሳል» ይሉኛል። ጭንቀታቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን በጆንያ ታስሮ የቀረ ዘር በሄክታር የሚሰጠው ምርት ምንም ነው። ደግሞም የገበሬው ዐይን ሁሉን ያያል ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ኩብሳ የተባለውን ስንዴ ቢጫ ዋግ መታው፤ በ2013 ደግሞ ዲገሉ የተባለውን በባሌና በአርሲ የግንድ ዋግ አጠፋው። ሁለቱም ገበሬው ወዶ በሰፊው የዘራቸው ነበሩ። ገና ያልመጣን በሽታ ከማሳ ዳር ቆሞ ማየት አይቻልም፤ ለዚህ ሳይንስ ያስፈልጋል። እንዲሁም ለአንድ ዝርያ ብቻ አገር ሁሉ መስጠት አደጋ እንዳለው ያስተምረናል።

ሁለቱ ዕውቀቶች ሲገናኙ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ምሳሌም አለ። በትግራይ ሐገረ ሰላም፣ በአማራም ገረገራ በተባሉ ስፍራዎች 400 ዓይነት ስንዴ ተዘርቶ 60 ገበሬዎች፣ ግማሾቹ ወንዶች ግማሾቹ ሴቶች፣ እየዞሩ ነጥብ ሰጡ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሞ ሲወጣ ነጥባቸው እንዲያው በዘፈቀደ የተሰጠ ሳይሆን ከተመራማሪው ልኬት ጋር ሊጣመር የሚችል ሆኖ ተገኘ። ከቆየው የአገር ዘርም ከተሻሻለው ጋር የሚወዳደር፣ አልፎም የሚበልጥ ታየ።

የተወደዳችሁ ጓደኞቼ፤ ከመካከላችን ነገ ወደ እርሻ ኮሌጅ የምንገባ አለን፤ የእኔም ምኞት ይኸው ነው። በትምህርት ቤታችን ግቢ ያለው ባዶ መሬትም በመደብ ተከፍሎ ከየሰፈራችን የመጣ የጤፍ ዘር ቢዘራበት ደብተራችን ላይ ሦስት ዓምድ እናሥምር። በአንደኛው የፍሬውን ክብደት፣ በሁለተኛው የጭዱን፣ በሦስተኛው አባቶቻችንና እናቶቻችን መጥተው አይተው የተናገሩትን እንጻፍ። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ከሆነ ሙከራው ገና አላለቀም።