መሪውን ለልጅ ማስረከብ

ልጅ ወደ አሥራዎቹ ዕድሜ ሲገባ የወላጅ ጭንቀት መልኩን ይለውጣል። ትናንት «እንዳትወድቅ» ሲል የኖረ አባት ዛሬ «መቼ ልልቀቃት፣ መቼስ ልያዛት?» ማለት ይጀምራል። ለዚህ ጥያቄ መጽሐፍም ምክርም ሞልቷል። እኔ ግን ጥቂት የተማርኩት ከማይጠበቅ ቦታ ነው፤ ከመሬት ሆነው በሬዲዮ ከሚያበሩት ትንሽ አውሮፕላን።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባለው ከተማ ነው። ልጄ 15 ዓመቷ ነው። እዚህ እንዳደጉ ብዙ የአበሻ ልጆች አማርኛ ትሰማለች፤ መልሱን ግን በእንግሊዝኛ ትሰጣለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ «እንዴት ዋልሽ?» እላታለሁ፤ «ደህና» ብላ ወደ ክፍሏ ትገባለች። ጠብ የለንም። ያጣነው አብረን የምንሠራው ነገር ነው።

እኔ አምና ማብረር ተምሬ ስለነበር ዘንድሮ እሷም ልሞክር አለች። እነዚህ አውሮፕላኖች በሦስት ዓይነት ይሸጣሉ። አንዱ ከካርቶኑ ወጥቶ ወዲያው የሚበር ነው። ሌላው ከእንጨት ቁራጭ ተጀምሮ የሚሠራ ነው። በመካከላቸው ያለው ደግሞ ሊያልቅ ጥቂት የቀረው ነው። ገላው፣ ክንፉና ጅራቱ ተሠርቶ፣ በቀለማም ስስ ፕላስቲክ ተለብጦ ይመጣል። የሁለቱን ክንፎች ግማሽ ማገጣጠም፣ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ማጣበቅ፣ ሞተሩን፣ ባትሪውንና የሬዲዮ መቀበያውን መግጠም የገዢው ድርሻ ነው። እኛ የወሰድነው ይህን ነው። ያለቀውን ብንገዛ ልጄ እኔን አትፈልገኝም ነበር፤ ከእንጨቱ ብንጀምር ደግሞ ሳንጨርስ ይሰለቸን ነበር።

ሥራው ጥቂት ምሽቶች ወሰደ። «ካቻቪቴውን አቀብይኝ፣ ፒንሳው የት ሄደ?» ስል ቃላቱ አስገረሟት። ከጣሊያንኛ የመጡ መሆናቸውን ስነግራት ደግሞ ጣሊያኖች አገራችን ምን ይሠሩ እንደነበር ጠየቀች። ስለ «ፀሐይ» አወጋኋት፤ በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ ስለተሠራችው፣ በልዕልት ፀሐይ ስም ስለተጠራችው፣ በወረራው ጊዜ ወደ ጣሊያን ተወስዳ በ2016 ዓ.ም. ስለተመለሰችው አውሮፕላን። በማግስቱ ልጄ የኛን አውሮፕላን ጎን ላይ በአማርኛ ፊደል «ፀሐይ» ብላ ጽፋበት አገኘሁ።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ሚዛን ነው። አውሮፕላኑን ከክንፉ ሥር በሁለት ጣት ጫፍ ደግፈው ያነሡታል። የሚደገፍበት ነጥብ ብዙውን ጊዜ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ወደ ኋላ፣ ከስፋቱ ሩብ እስከ ሲሶ ባለው መካከል ነው፤ ትክክለኛውን የአምራቹ መመሪያ ይናገራል። ቀጥ ብሎ ወይም አፍንጫው በጥቂቱ ዘንበል ብሎ ከቆመ ደግ ነው። «አፍንጫው የከበደ በችግር ይበራል፣ ጅራቱ የከበደ አንዴ ብቻ ይበራል» ይላሉ የሙያው ሰዎች። ሚዛኑን የሚያስተካክሉት ባትሪውን ወደፊት ወይም ወደኋላ በመግፋት ነው። የሊቲየም ባትሪ ሲሞላ ደግሞ ሰው ከአጠገቡ አይለይም፤ ከተጎዳ ወይም ከመጠን በላይ ከሞላ በእሳት ሊያያዝ ይችላል። የሞተሩን ማራገቢያ የምንገጥመውም ሌላው ሁሉ ተፈትሾ ካለቀ በኋላ ነው፤ ጣት ይቆርጣልና።

ሕጉም አለ። በአሜሪካ ከ250 ግራም በላይ የሚመዝን ማንኛውም እንዲህ ያለ አውሮፕላን ይመዘገባል፤ ክፍያው ለሦስት ዓመት 5 ዶላር ነው። ነጻና አጭር የደኅንነት ፈተናም አለ፤ እሷም እኔም ወስደናል። ከዓይን እንዳይርቅ፣ ነጻ በሆነው የአየር ክልልም ከ120 ሜትር ገደማ በላይ እንዳይወጣ ታዟል። የዋሽንግተን ዙሪያ ደግሞ ጥብቅ ነው፤ ከሬገን አየር ማረፊያ 24 ኪሎ ሜትር ገደማ ባለው ክልል ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ማብረር ክልክል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግም እዚያው ክልል ውስጥ ስለምትወድቅ በየቅዳሜው ወደ ገጠር እንነዳለን። መኪና ውስጥ የምናወራው ወሬ የዚህ ሕግ ትርፍ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጀማሪ የሚማረው ሁለት መቆጣጠሪያዎች በሬዲዮ ወይም በገመድ ተያይዘው ነው፤ አንዱ የመምህሩ፣ ሌላው የተማሪው። በመምህሩ መቆጣጠሪያ ላይ አንዲት ማብሪያ አለች። መምህሩ እሷን ተጭኖ እስከያዘ ድረስ አውሮፕላኑ የሚታዘዘው ለተማሪው ነው። ጣቱን ባነሣ ቅጽበት መሪው ወደ እሱ ይመለሳል። ልብ በሉ፤ ለመስጠት መጫን ያስፈልጋል፣ ለመውሰድ ግን መደንገጥ ብቻ ይበቃል።

በሦስተኛው ቅዳሜ ልጄ አውሮፕላኑን አዙራ ወደ እኛ አመጣችው። ለጀማሪ ከባዱ ይህ ነው። ሲርቅ ግራው ግራ፣ ቀኙ ቀኝ ነው፤ ፊቱን ወደ እኛ ሲያዞር ግን ግራና ቀኙ ተገላቢጦሽ ይታያል። አንዱ ክንፍ ዘመመ። እሷ ወደ ተሳሳተው ጎን ገፋች፤ ይብስ ዘመመ። ጣቴ ከማብሪያዋ ሊነሣ ነበር። አጠገቤ የቆመው እኔንም ያስተማረኝ ጡረተኛ መካኒክ ክንዴን ነካ አድርጎ «ቆይ፣ ገና ከፍታ አላት» አለኝ። ቆየሁ። ልጄም «ዝቅ ወዳለው ክንፍ ግፊ፣ እንደምትደግፊው አድርጊ» ተብላ የተማረችውን አስታወሰች መሰለኝ፣ መሪውን መለሰች፤ ፀሐይም ቀና ብላ በላያችን አለፈች።

ካረፈች በኋላ ልጄ ዞር ብላ በአማርኛ «አባዬ፣ አልወሰድክብኝም አይደል?» አለችኝ። አልወሰድኩም። ያን ቀን ከፊቷ ያነበብኩት ኩራት ወስጄ ባድነው ኖሮ አይገኝም ነበር።

የሽማግሌው ቃል ከዚያ ወዲህ ከኔ ጋር ነው። ከፍታ ማለት ጊዜ ነው። ከላይ ሆኖ የተሠራ ስሕተት ለመታረም ፋታ አለው፤ ስለዚህ እለቃለሁ። መሬት አጠገብ ግን ፋታ የለም፤ እዚያ እወስዳለሁ፣ ወስጄም ሳልቆጣ ለምን እንደወሰድኩ ነግሬ መልሼ እሰጣለሁ። በቤት ውስጥም ገንዘቧን አንድ ቅዳሜ አላግባብ ብታጠፋ፣ የቤት ሥራዋን አንድ ቀን ብትረሳ ገና ከፍታ አላት። ከማታውቀው ሰው ጋር በሌሊት ልሂድ ካለች ግን መሬቱ ቅርብ ነው። ብዙ ወላጆች ተጣልተን የምናየው ሁለቱን ሳንለይ ሁሉንም እኩል ስንይዝ ወይም ሁሉንም እኩል ስንለቅ ነው።

አገር ቤት ላላችሁ አንድ ማሳሰቢያ፦ ዘመድ እንዲህ ያለውን በሻንጣ ይዞ ከመምጣቱ በፊት ፈቃድ መጠየቅ ይቅደም፤ የሚበር ነገር በየአገሩ የራሱ ሕግ አለው። መለዋወጫ የሊቲየም ባትሪም የሚጓዘው በእጅ ሻንጣ ነው።

በሜሪላንድ ሕግ ልጅ 15 ዓመት ከ9 ወር ሲሞላው የመኪና መለማመጃ ፈቃድ ማውጣት ይችላል። ልጄ ቀኑን ቆጥራ ይዛዋለች። በመኪና ላይ እንዲህ ያለች ማብሪያ የለችም፤ ስለዚህ እስከዚያ ያሉንን ቅዳሜዎች ሁሉ ሜዳው ላይ እንውላለን።