«አጥሚት ይበቃቸዋል» የሚሉት ደግነት

በየቤታችን ማንም የማይጠይቀው ሕግ አለ፦ ሰው ሲያረጅ ምግቡ ይቅለል። «ሥጋ ይከብዳቸዋል፣ ወተት ሆዳቸውን ይነፋቸዋል፣ ለእሳቸው አጥሚት ይበቃል» ይባላል። ንግግሩ የደግ ሰው ነው፤ ሥራው ግን ጡንቻ ማስራብ ነው።

እስቲ ማዕዱን ልብ ብላችሁ እዩት። ሥጋው ወደ ልጆቹ በኩል ይወጣል፤ አያት ፊት የሚቀርበው በመረቅ የራሰ ፍትፍት ነው። ማታ ደግሞ አንድ ኩባያ አጥሚት። ኩባያው ውስጥ የገባው ሁለት ማንኪያ የአጃ ዱቄት ከሆነ ፕሮቲኑ ከ3 ግራም ብዙም አያልፍም። በ2013 እ.ኤ.አ. የአረጋውያንን አመጋገብ የመረመሩ ዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ግን ከ65 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን እንዲያገኝ መክረዋል። 60 ኪሎ ለሚመዝኑ እናት ከ60 እስከ 72 ግራም መሆኑ ነው። ለጎልማሳው የተለመደው ምክር 0.8 ግራም ነው። ያረጀ ጡንቻ ያንኑ ፕሮቲን አግኝቶ እንደ ወጣት ጡንቻ ራሱን መገንባት ስለሚያቅተው፣ እናት ከልጃቸው የበለጠ ያስፈልጋቸዋል። ኩላሊቱ በጽኑ የታመመ ሰው ብቻ ነው ከዚህ የሚለየው፤ የእሱን ሐኪሙ ይወስን።

ከዚያ ጉልበት ሲከዳቸው «እርጅና ነው» ብለን እንገላገላለን። በእርግጥ ከ30 ዓመት በኋላ ጡንቻ በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ እየቀነሰ ይሄዳል። ነገር ግን ሁለት የ75 ዓመት አዛውንቶችን ብታዩ አንዱ ከበርጩማ ብድግ ብሎ ይሄዳል፣ ሌላው ደጋፊ ይጠብቃል። የዕድሜያቸው ቁጥር እኩል ሆኖ ሳለ አንደኛው ጡንቻ ቀድሞ አርጅቷል። ደካማ እግር ይጥላል፣ የሳሳ አጥንት ይሰበራል፤ የዳሌ ስብራት ደግሞ ብዙዎችን አልጋ ላይ አስቀርቷል።

ጾምን ለመክሰስ የሚጣደፉ አሉ፤ አልተባበራቸውም። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ ጤፉም ከብዙ እህል የበለጠ ካልሲየም ይዟል። ጥፋቱ እንጀራው በዝቶ ሽሮው መቅጠኑ፣ ጾሙ ሲፈታም እንቁላሉ አያት ጋ ሳይደርስ ማለቁ ነው።

ደግሞ ከአሜሪካ የሚመጣው ሻንጣ አለ። ግሉኮሳሚን፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ ይታጨቅበታል፤ በልጅ ፍቅር የተገዛ ስለሆነ ማንም «ለምን ይጠቅማል?» አይልም። እዚያው አሜሪካ በ1,583 የጉልበት ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ በ2006 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ በጠቅላላው ሲታይ ግሉኮሳሚን ሕመም በማስታገስ ከማስመሰያ ክኒን አልበለጠም። በ2022 የወጣው ወደ 26 ሺህ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናትም ቫይታሚን ዲ ስብራትን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። እጥረቱ በምርመራ የተረጋገጠበት ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። የቅልጥም መረቃችንም ቢሆን (እኔም እወደዋለሁ) ካልሲየሙን አጥንቱ ላይ ትቶ የሚመጣ ነው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን «አይነሡ፣ እኔ አመጣልዎታለሁ» የሚለው ነው። በ1994 በቦስተን በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 87 የሆነ 100 ደካማ አረጋውያን ለ10 ሳምንት ተጠንተው ነበር። ተጨማሪ ምግብ ብቻ የተሰጣቸው ጉልበታቸው አልጨመረም፤ እግራቸውን በክብደት ያሠሩት ግን ጥንካሬያቸው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ምግቡ ለሚሠራ ጡንቻ ነው። መገጣጠሚያም እንዲሁ፤ በአጥንቶቹ ጫፍ ያለው ልም አጥንት የደም ሥር ስለሌለው ምግቡን የሚስበው ሲታጠፍና ሲዘረጋ ነው። በስግደትና በሶላት ስንት ጊዜ ወርደው የሚነሡትን እናትና አባት «ተቀምጠው ይጸልዩ» ስንላቸው፣ ሐኪም ያላዘዘውን ዕረፍት እያዘዝንባቸው ነው።

ለስላሳ ምግብ የሚመርጡት ማኘክ ስላቃታቸውም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ በውጭ ያላችሁ ልጆች፣ ለክኒን ያሰባችሁትን ብር ለጥርስ ሐኪም ክፈሉላቸው፤ የተረፈውን ለወተትና ለእንቁላል አድርጉት።